የክፍያ ዊጀት ገጻችሁ ላይ ባዕድ እንዳይመስል

አንድ ደንበኛዬ በጠዋት ደወለችልኝ። ድምጿ ደንገጥ ብሏል። «ዌብሳይታችን ተጠልፎ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። የተጠለፈ ነገር የለም። ገጹ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ፊደሉ ቀጭን፣ ማዕዘኑ ሁሉ ሹል። መሃል ላይ ግን ክብ ማዕዘን ያለው ነጭ ሳጥን፣ ከሥሩ ደማቅ ሰማያዊ በተን ይዞ ቁጭ ብሏል። ማታ ላይ የክፍያ ዊጀቱን፣ ማለትም የክፍያ ድርጅት ሠርቶ የሚሰጠውን ገጽ ላይ የሚገጠም የካርድ መሙያ፣ የገጠምኩት እኔው ነኝ። እንደመጣ፣ ምንም ሳልነካው።

የገጹ ባለቤት ራሷ እንዲህ ከጠረጠረች፣ የካርድ ቁጥሩን ሊያስገባ የተዘጋጀው ሰው ምን ሊያስብ ነው? ሰው ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ገጹን በዓይኑ ይመዝናል። አንድ ነገር ካልገጠመለት ምን እንዳልገጠመው ሳያውቅ ይወጣል። ተመልሶም አይነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ ዊጀት ስገጥም የምከተለውን ቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጠው። ግቡ ግን ዊጀቱን ሙሉ በሙሉ የራስ አስመስሎ መደበቅ አይደለም። ዓይን የሚለካቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፦ ፊደል፣ ቁመት፣ ጠርዝ፣ ክፍተት። እነዚህን ከገጹ ጋር ታስማማላችሁ። የቀረው የክፍያ ድርጅቱና የባንኩ ነው። የእነሱ መሆኑ መታየቱ ደግሞ ይጠቅማችኋል።

1. መጀመሪያ ሳጥኑ የማን እንደሆነ እወቁ

ቀለም ከመቀባት በፊት ግድግዳው የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። የካርድ ቁጥር የሚገባበትን ሳጥን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኢንስፔክት» በሉት፤ የገጹን ኮድ ያሳያችኋል። ሳጥኑ «አይፍሬም» በሚባል ታግ ውስጥ ካለና አድራሻው የክፍያ ድርጅቱ ከሆነ፣ ያ ሳጥን በገጻችሁ ውስጥ የተከፈተ ሌላ ገጽ ነው ማለት ነው። የእናንተ ሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ እዚያ አይገባም። የሚከለክለው ብሮውዘሩ ራሱ ነው። ስታይል ላይ ስታይል እየደረበ፣ «ኢምፖርታንት» (ይሄኛው ይቅደም የሚል ትእዛዝ) እየጨመረበት ግማሽ ቀን የሚያቃጥል ዴቨሎፐር ብዙ አይቻለሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ከአይፍሬም ይልቅ «ሻዶው ሩት» (በገጻችሁ ውስጥ ስታይሉ ለብቻው የተከለለ ክፍል) የሚል ካያችሁ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። ተራ ሰሌክተር (ስታይሉ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያርፍ የሚናገረው) እዚያም አይገባም፤ የሲኤስኤስ ቫሪያብሎች፣ ማለትም እንደ ቀለም ያሉ ስም የተሰጣቸው ዋጋዎች፣ ግን ይወርዳሉ። ሰሪው የትኞቹን ቫሪያብሎች እንደሚያነብ ከሰነዱ ማየት ነው። ተጠቃሚውን አንስቶ ወደ ድርጅቱ ገጽ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሎጎና አንድ ሁለት ቀለም ከማስገባት ያለፈ ሥራ የለም።

አይፍሬሙ የመጣው እናንተን ለማናደድ አይደለም። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባል የካርድ ደህንነት መስፈርት አለ። የካርድ ሳጥኖቹ በሙሉ መስፈርቱን ካሟላ ድርጅት በቀጥታ ከመጡና ቁጥሩ የእናንተን ሰርቨር ካልነካ፣ የምትሞሉት መጠይቅ አጭሩ ይሆናል፤ ኤስኤኪው ኤ ይባላል። ለመልክ ብላችሁ ሳጥኑን ራሳችሁ ብትሠሩት ግን ወደ ረጅሙ መጠይቅ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ረጅም ራስ ምታት ትገባላችሁ። ለማዕዘን ክብነት ተብሎ የሚገባበት ዕዳ አይደለም።

2. ገጻችሁን ለኩ

ብራንድ መመሪያውን አትክፈቱ። እሱ ላይ የተጻፈውና ገጹ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በቀጥታ ወደ ገጻችሁ ሂዱና ሰው የሚጽፍበት ፎርም ፈልጉ፤ የመመዝገቢያው ወይም የአድራሻ መሙያው ይሆናል። አንዱን ሳጥን ኢንስፔክት አድርጉና «ኮምፒዩትድ» የሚለውን ታብ ክፈቱ። የሚታየው ብሮውዘሩ በመጨረሻ የተጠቀመበት ቁጥር ነው።

በወረቀት ላይ ጻፉት፦ የፎንቱ ስም፣ መጠኑ፣ ውፍረቱ፣ የሳጥኑ ቁመት፣ የጠርዙ ውፍረትና ቀለም፣ የማዕዘኑ ክብነት፣ በሳጥንና በሳጥን መሃል ያለው ክፍተት፣ የስህተት ጽሑፍ ቀለም። አንድ የሚረሳ አለ፦ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ዙሪያው እንዴት እንደሚለወጥ። ዳር ዳሩ ይበራል? ጠርዙ ይወፍራል? ወይስ ምንም አይሆንም? የሰው ዓይን ልክ በሚጽፍበት ሰዓት ያለው እዚያ ነው።

የዚያች ደንበኛዬ ገጽ ሲለካ ሳጥኑ 48 ፒክስል ቁመት፣ 1 ፒክስል ጠርዝ፣ 2 ፒክስል የማዕዘን ክብነት፣ በመሃል 20 ፒክስል ክፍተት ነበረው። ዊጀቱ ይዞት የመጣው ክብነት 6 ሲሆን ክፍተቱ ደግሞ 12 ነበር። ቁጥሩ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም። ከላዩ የአድራሻ ፎርም፣ ከሥሩ ዊጀቱ ሲቀመጥ ግን የሁለት ሰው ልብስ የለበሰ ይመስላል።

3. ከፊደሉ ጀምሩ

ብዙ ሰው ከቀለም ይጀምራል። እኔ ከፊደል እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ቀለሙ ልክ ሆኖ ፊደሉ ሌላ ከሆነ ገጹ አሁንም ባዕድ ነው። ፊደሉ ከተስማማ ግን ትንሽ የቀለም ልዩነት ማንም ልብ አይለው።

ትልልቆቹ የክፍያ ድርጅቶች ለዚህ መንገድ አላቸው። ስትራይፕ «አፒራንስ» ብሎ ይጠራዋል። ሦስት የተዘጋጁ መልኮች አሉት፤ ከእነሱ አንዱን ይዛችሁ ዋናውን ቀለም፣ የጀርባውን ቀለም፣ የፊደሉን ስም፣ የክፍተቱን መለኪያና የማዕዘኑን ክብነት በቫሪያብል ትሰጡታላችሁ። አድየንና ብሬንትሪም በየራሳቸው አጻጻፍ ተመሳሳይ ነገር ይቀበላሉ። ሐሳቡ አንድ ነው፦ እናንተ ዝርዝሩን በጃቫስክሪፕት ታቀብላላችሁ፣ እነሱ አይፍሬሙ ውስጥ ያለብሱታል።

ይህን ስታደርጉ ሦስት ጉድጓዶች ይጠብቋችኋል።

የመጀመሪያው፣ የፎንቱን ስም መስጠት ፎንቱን መስጠት አይደለም። ገጻችሁ ላይ የተጫነው ፎንት አይፍሬሙ ውስጥ የለም። የፎንት ፋይሉን አድራሻ ለብቻው ማቀበል አለባችሁ። ፋይሉም በኤችቲቲፒኤስ መምጣትና ከሌላ አድራሻ እንዲነበብ ሰርቨራችሁ መፍቀድ አለበት። አለበለዚያ ዊጀቱ ምንም ሳይል ወደ ተራ ፎንት ይመለሳል። ስህተት አይጮህም። እናንተ ደግሞ ያው ፎንት በኮምፒውተራችሁ ላይ ተጭኖ ካለ ልክ ሆኖ ይታያችኋል። በሌላ ሰው ስልክ ሳታዩ «ጨረስኩ» አትበሉ።

ሁለተኛው፣ ገጻችሁ ቀለሞቹን በሲኤስኤስ ቫሪያብል የሚይዝ ከሆነ የቫሪያብሉን ስም ለአይፍሬሙ ብትሰጡት አያውቀውም። ቫሪያብሉ ዋጋ የተሰጠው እናንተ ጋ ነው። ከ«ኮምፒዩትድ» ላይ የወሰዳችሁትን ትክክለኛ ዋጋ ስጡት።

ሦስተኛው የመጠን ነገር ነው። ገጻችሁ 14 ፒክስል ቢጠቀምም የካርድ ሳጥኑን ጽሑፍ ከ16 አታሳንሱ። በአይፎን ላይ ሳፋሪ ከ16 ያነሰ ጽሑፍ ያለው ሳጥን ሲነካ ገጹን በራሱ ያጎላዋል። ሰውዬው ካርድ ቁጥር ሊጽፍ ሲነካ ገጹ ዘሎ ፊቱ ላይ ይመጣል፣ የክፈል በተኑ ከስክሪን ይወጣል። እዚህ ላይ ከብራንድ ጋር አለመስማማት ይሻላል።

ጽሑፉ ላቲን ባልሆነ ፊደል ከሆነ ደግሞ የመስመሩን ቁመት ጨምሩለት። ለላቲን የተለካ ሳጥን የሌላውን ፊደል ጭንቅላት ወይም እግር ይቆርጣል።

4. ቀለም፦ አራት ይበቃል

ጀርባ፣ ጽሑፍ፣ ዋና ቀለም፣ የስህተት ቀለም። ከዚህ በላይ ከጀመራችሁ ማቆሚያ የለውም።

የምትለኩት ነገር ንጽጽሩን ነው፤ ጽሑፉ ከጀርባው ምን ያህል ይለያል የሚለውን። የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍና እንደ ሳጥን ጠርዝ ላሉ ነገሮች 3 ለ1 ይጠይቃል። ምን ያህል ቀጭን መስመር እንደሆነ ለማየት ግራጫን ውሰዱ። በነጭ ላይ #767676 ያልፋል። #777777 ግን በጥቂቱ ይወድቃል። በዓይን ለይቼ አውቃለሁ የሚል ካለ ውሸቱን ነው። በመለኪያ አዩት፤ የብሮውዘሩ ቀለም መምረጫ ራሱ ያሳያችኋል።

ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ፈዛዛ የምሳሌ ጽሑፍ ነው። ዲዛይነሮች ፈዘዝ ሲል ደስ ይላቸዋል። የሳጥኑ ስም ከላይ በግልጽ ተጽፎ ካለ ችግሩ ይቀላል፤ ስሙ ራሱ በሳጥኑ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ሰውዬው መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል፣ የጻፈው የቱን እንደሆነም ይምታታበታል።

ዋና ቀለማችሁ ቀይ ከሆነ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። በተኑ ቀይ፣ የተመረጠው ሳጥን ዳር ቀይ፣ ስህተቱም ቀይ ከሆነ ሰውዬው ገና ምንም ሳይጽፍ የተሳሳተ ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ቀዩን ለበተኑ ብቻ አስቀርቼ የሳጥኑን ዳር ጥቁር አድርጌዋለሁ። ስህተቱ ላይ ደግሞ ምልክትና ቃል ይጨመር። በቀለም ብቻ የተነገረ ስህተት ቀለም ለማይለይ ሰው አልተነገረም።

5. እጃችሁን የምትሰበስቡበት ቦታ

የአፕል ፔይ፣ የጉግል ፔይና የፔይፓል በተኖች የእናንተ አይደሉም። ሰው የሚያውቃቸው በመልካቸው ነው፤ አረንጓዴ የተቀባ የአፕል ፔይ በተን ሲያይ የሚያስበው አስመስሎ የተሠራ ነው ብሎ ነው። ድርጅቶቹም በሕጋቸው ይከለክላሉ። አፕል ጥቁር፣ ነጭ፣ ወይም ጠርዝ ያለው ነጭ ይሰጣችኋል። ፔይፓል ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ብርማ፣ ነጭና ጥቁር አለው። ጉግል ጥቁርና ነጭ።

የእናንተ ድርሻ ቁመቱና የማዕዘኑ ክብነት ነው። ሁሉንም ከራሳችሁ በተን ጋር እኩል አድርጓቸው። የፔይፓል በተን ቁመት ከ25 እስከ 55 ፒክስል ድረስ ይቀበላል፤ የእናንተ በተን 60 ከሆነ ዝቅ የሚለው የእናንተው ነው። ቀለሙን በተመለከተ የእኔ ልማድ ሁሉንም ጥቁር ማድረግ ነው። በነጭ ገጽ ላይ ሦስቱም ጥቁር ሲሆኑ አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ፤ የብራንዱ ቀለም ለእናንተ «ክፈል» በተን ይቀራል። የቪዛና የማስተርካርድ ምልክቶችንም ጥቁርና ነጭ አታድርጉብኝ።

6. ቦታውን ቀድማችሁ ያዙለት

ዊጀቱ ከሌላ ሰርቨር ስለሚመጣ ከገጹ ዘግይቶ ይደርሳል። ገጹ ይከፈታል፣ ሰውዬው «ክፈል» ሊል ጣቱን ያወርዳል፣ በዚያች ቅጽበት ዊጀቱ ይደርስና ሁሉን ወደ ታች ይገፋዋል። ጣቱ ሌላ ነገር ይነካል። መያዣ ለሆነው ክፍል ትንሹን ቁመት (ከዚህ አይጠር የሚለውን) አስቀድማችሁ ስጡት፤ እስኪመጣ ድረስ ፈዛዛ የሳጥን ቅርጽ ይታይበት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ትንሹን ቁመት ሳይሆን ቁርጥ ያለ ቁመት ሰጠሁት፣ የተረፈውንም ደበቅኩት። ንጹሕ ሆኖ ታየኝ። ካርዱ ስህተት ሲኖረው ግን ዊጀቱ ከሳጥኑ ሥር አንድ መስመር ይጨምራል። ያ መስመር ተቆርጦ ቀረ። ሰዎች «ክፈል» ይላሉ፣ ምንም አይሆንም። ደግመው ይላሉ። ቅሬታው «በተኑ አይሠራም» የሚል ነበር፤ በተኑ ግን ምንም አልሆነም። ቁመቱን ለዊጀቱ ተዉለት። እየረዘመና እያጠረ እንዲሄድ ነው የተሠራው።

ዳርክ ሞድ ካላችሁ አንድ የተለየ ጉድ አለ። የዊጀቱን ጀርባ ግልጽ፣ ማለትም ቀለም የለሽ ታደርጉታላችሁ፤ ሆኖም ነጭ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ «ከለር ስኪም» የሚባለው ባሕርይ ነው። ገጻችሁ ጨለማ ነኝ ብሎ አይፍሬሙ ብርሃን ነኝ ካለ፣ ብሮውዘሩ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ብሎ ከኋላው ጀርባ ይሞላበታል። አይፍሬሙን በያዘው ኤለመንት ላይ ይህን ባሕርይ ከዊጀቱ ጋር አንድ አድርጉት። ነጩ ይጠፋል። ይህቺን ለማወቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ከፍያለሁ።

7. ባንኩ ብቅ ሲል

የሰውዬው ባንክ ማረጋገጫ ከጠየቀ ሌላ መስኮት ይከፈታል፤ ስሪ-ዲ ሴኪዩር የሚባለው ነው። መልኩ የባንኩ ነው፣ አንዳች ልትቀቡት አትችሉም። የምትችሉት ስፋቱን መምረጥ ነው፤ ያውም የምትጠቀሙት ድርጅት ከፈቀደላችሁ። የተወሰኑ መጠኖች አሉት፦ 250 በ400፣ 390 በ400፣ 500 በ600፣ 600 በ400፣ ወይም ሙሉ ስክሪን። በስልክ ላይ ሙሉ ስክሪን ይሁን። በሰፊ ስክሪን ላይ ጀርባውን አጨልሙና መሃል ላይ አስቀምጡት።

ከመከፈቱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ባንክዎ ማረጋገጫ ሊጠይቅዎ ይችላል።» ሰው የሚደነግጠው ያልተነገረው ነገር ሲመጣ ነው።

8. ቃላቱም መልክ ናቸው

ገጹ «አንቺ» እያለ ሲያጫውታት የቆየች ሴት ዊጀቱ ጋ ስትደርስ «ልክ ያልሆነ ግቤት» ከተባለች ቤቱ የተቀየረ ያህል ነው። የሚለወጡትን ጽሑፎች ለውጡ። በተኑ ላይ «አስገባ» ሳይሆን «ክፈል» ይባል፣ መጠኑም አብሮ ይጻፍ። የዊጀቱን ቋንቋ ለብሮውዘሩ አትተዉት፤ ከገጹ ቋንቋ ጋር አንድ እንዲሆን ራሳችሁ ስጡት። ድርጅቱ ያን ቋንቋ የማይደግፍ ከሆነ የሳጥኖቹን ስም ከአይፍሬሙ ውጭ ራሳችሁ ጻፏቸው። ነጠላ ሳጥኖችን ለየብቻ የሚሰጥ ዊጀት ለዚህ ይመቻል።

9. ዊጀቱን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ

እስካሁን ያወራሁት ለገጣሚው ነው። ለሰሪው የምለው አጭር ነው። ለደንበኞቻችሁ ሲኤስኤስ እንደልባቸው እንዲጽፉ አትፍቀዱ። ዛሬ ነፃነት ይመስላል፤ ነገ አንዱ ሳያውቅ ጠቅላላ ሒሳቡን ይደብቃል፣ ሌላው የስህተት መልእክቱን ነጭ በነጭ ያደርገዋል፣ እናንተ ደግሞ አንድ ታግ በለወጣችሁ ቁጥር የሰው ገጽ ይፈርሳል። ጥቂት ቫሪያብሎች ስጡ፣ ስማቸው አይለወጥ። የበተኑን ቀለም ሲሰጧችሁ በላዩ ያለው ጽሑፍ ነጭ ይሁን ጥቁር የሚለውን ራሳችሁ አስሉት። ሎሚ ቢጫ በተን ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም።

ቦታውንም ለካርዱ ልክ ስጡት። 16 ዲጂት በአራት በአራት ሲከፈል ከነክፍተቱ 19 ቦታ ይይዛል። አሜሪካን ኤክስፕረስ 15 ዲጂት ነው፤ 4፣ 6፣ 5 ተብሎ ይከፈላል፣ የደህንነት ቁጥሩም 4 ዲጂት ነው። ለ3 ዲጂት ብቻ የተለካ ሳጥን አራተኛውን ይውጠዋል።

10. ፈትኑት

የሙከራ ካርድ ተጠቀሙ። በስትራይፕ 4242 እያላችሁ አራት ጊዜ መጻፍ ነው፤ ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። እንዲያልፍ ብቻ ሳይሆን እንዲወድቅም የሚያደርጉትን ቁጥሮች ሞክሩ። የሚያስጠላው መልክ የሚወጣው ሲወድቅ ነው።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ 320 ፒክስል አጥብቡት። ወደ 200 በመቶ አጉሉት። ማውሱን ተዉና በታብ ብቻ ከላይ እስከ በተኑ ድረስ ሂዱ፤ የት እንዳላችሁ ሁልጊዜ መታየት አለበት። ብሮውዘሩ ካርዱን በራሱ ሲሞላ ሳጥኑን ሌላ ቀለም ይቀባዋል፣ ያንንም አዩት። ኢንተርኔቱን አዝግሙት። ሳጥኑ ጭራሽ ባዶ ከሆነ የገጻችሁ የደህንነት ፖሊሲ የድርጅቱን አይፍሬም ከልክሎት ሊሆን ይችላል፤ የብሮውዘሩ ኮንሶል (ስህተቶች የሚጻፉበት ታብ) ይነግራችኋል።

በመጨረሻ ስክሪንሾት አንሱና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው የዊጀቱ ድንበር ላይ ከሆነ ክፍተቱና ጠርዙ ገና ነው። ማረፍ ያለበት «ክፈል» ላይ ነው።

የደንበኛዬን ገጽ በእነዚህ ሁሉ አሳለፍኩት። ፎንቱን አቀበልኩት፣ ክብነቱን 2፣ ክፍተቱን 20 አደረግሁት፣ ሰማያዊውን አወጣሁት። ወደደችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች። አንድ ገዢ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ብሎ ለባንኩ አቤት ብሏል። ገጹ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ በባንክ መግለጫው ላይ የወጣው ስም ሌላ ነበር፤ ድርጅቷ ሲመዘገብ የተጻፈው ረጅም ስም ተቆራርጦ። ከክፍያ ድርጅቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ገዢው በሚያውቀው ስም ቀየርነው። አሁን ከፎንቱም በፊት የማየው እሱን ነው።